የማዳም ሙኒራ ፕለጊንና የቀመር ሠርግ

ቀመር ሳቅ አያልቅባትም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ይቺን ልጅ ምን ነካት እንዳትሉኝ። ሳህን ሲያመልጣት ትስቃለች፣ ሩዝ ሲያርርባት ትስቃለች፣ ማዳም ስትቆጣት ደግሞ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ማድቤት ትሮጥና ፍሪጁን ከፍታ አንገቷን ከወተቱና ከእርጎው መሀል ቀብራ ትስቃለች። የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። በዐረብ አገር፣ አል ዐዚዚያ ውስጥ፣ ከኾበር ባሕር ወዲህ፣ ነጭ አጥር ያለው ቤት ነው የምትሠራው። በፈረንጆቹ 2019 መግቢያ ላይ ታዲያ ሳቋ ከወትሮው ብሶባት ነበር፤ ልታገባ ነዋ።

የሚያገባት ኑህ ነው። ኑህ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ደማም፣ አል አዳማ ውስጥ፣ ስልክና ኮምፒውተር በሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። አንዴ የማዳም ስልክ መስተዋቱ ተሰበረና የቤቱ ሹፌር ጋሽ ዓብዱ ወደዚያች ሱቅ ወሰዱት። ኑህ "አልቋል፣ ኑ ውሰዱ" ብሎ ሲደውል የቤቱን ስልክ ያነሳችው ቀመር ናት። በዐረብኛ ጀመሩ። ወዲያው ሁለቱም ወሎዬ መሆናቸው ታወቀ፣ ወዲያው ደግሞ ቀመር ሳቀች። ኑህ ያን ሳቅ ከሰማ በኋላ የማዳም ስልክ በየሳምንቱ ቢሰበር ደስታውን አይችለውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፍቅር ሁሉ በስልክ ነው። በዓይን የሚተያዩት ጋሽ ዓብዱ ለገበያ ይዘዋት ሲወጡና መኪናውን በሱቁ ደጃፍ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉት ነው፤ ያውም ማርሽ የሚቀይሩ መስለው። ይሁን እንጂ ነገሩ የምር ነበር። ሽማግሌ ሐርቡ ድረስ ተላከ፣ የኒካሑ ቀን ተቆረጠ፣ የኑህ አሠሪም ፈቃድ ሰጠው። "ወይ አሁን ሂድ፣ ወይ የዛሬ ዓመት፤ ኸላስ" ነው ያለው። የቀመር እናት ዙለይኻም ወሬውን ለሠፈሩ አዳርሰው፣ ሰንጋውን አስመርጠው፣ ድንኳን የሚተክሉትን ጎረምሶች ሳይቀር አናግረው ጨርሰዋል።

የቀረው የቀመር መሄጃ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ይመስል ነበር። የቤቱ ጌታ፣ እሷ ባባ የምትለው፣ በስሙ ያስመጣት ካፊሏ፣ አንድ ቀን እራት ላይ ጠርቶ፣ "የልጆቹ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲዘጋ እኛ መዲና እንሄዳለን፤ ያን ጊዜ አንቺም ኹሩጅሽን ይዘሽ አገርሽ ደርሰሽ ትመለሻለሽ" አላት። ኹሩጅ የመውጫ ፈቃድ ነው፤ ካፊል ካላወጣው ሠራተኛ ክንፍ ቢያበቅል አይበርም። ቀመር የደስታ ሳቋን ይዛ ወደ ፍሪጁ ልትሮጥ ስትል ባባ ጨመረ፤ "ማለት፣ ሙኒራ እረፍቷን ካገኘች ነው።"

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህች ከ"ማለት" ወዲያ ነው።

ማዳም ሙኒራ ነርስ ናት፤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሕፃናት ትከትባለች። ክሊኒኩ ሠራተኞቹ ሁሉ በኢንተርኔት ስልጠና እንዲወስዱ አዘዘ። እሳት ቢነሳ ምን ይደረጋል፣ መርፌ ቢወጋ ምን ይደረጋል፣ የታካሚ ገመና እንዴት ይጠበቃል፣ እያለ እያለ ሄዶ መጨረሻው የእጅ አስተጣጠብ ነው። ሁሉንም ጨርሶ ያላለፈ እረፍት የለውም። ማዳም እረፍት ካላገኘች መዲና የለም፤ መዲና ከሌለ ልጆቹ ቤት ናቸው፤ ልጆቹ ቤት ከዋሉ ቀመር የትም አትሄድም። ሐርቡ ላይ ያለው ሰንጋና ድንኳን፣ ኑህ በመከራ ያገኘው ፈቃድ፣ ሁሉም ማዳም እጅ መታጠብ በመማሯ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ማዳም ደግሞ ጉደኛ ናት። የሚወራጭ ሕፃን ጭን ላይ መርፌ ስታሳርፍ እጇ ንቅንቅ አይልም፤ ላፕቶፕ ፊት ስትቀመጥ ግን ላብ ያጠምቃታል። መጀመሪያ ቀን ትምህርቱን ልክፈት ብትል ገጹ ዞረ፣ ዞረ፣ ደርቆ ቀረ። ቀመር ሻይ ይዛ ገብታ ነበርና "ቢስሚላህ" ብላ አንዴ ጫን ብታደርገው ተከፈተ። አለቀ። የቀመር እጅ ባረካ እንዳለው በዚያ ቤት ድሮም የታወቀ ነው። እንቢ ያለ የጠርሙስ ክዳን፣ የተቀረቀረ መሳቢያ፣ አልበራም ያለ ምድጃ ሲኖር "ቀመርን ጥሯት" ነው የሚባለው። ላፕቶፑም ከነሱ ተርታ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም ከሥራ መጥታ፣ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግዳ፣ ሻይዋን ይዛ ትቀመጥና "ያላ ቀመር፣ ክፈቺልኝ" ትላለች።

ሥራው ከባድ አይደለም። ትምህርቱ የሚታየው ፕለጊን በምትባል ነገር ነው፤ ያቺ ከሌለች ሥዕሉም ድምፁም የለም። ኢንተርኔቱን የሚከፍተው ብሮውዘር ደግሞ ጠርጣራ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር አንዲት ትንሽ መስኮት አውጥቶ "ይቺን ፕለጊን ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?" ብሎ ይጠይቃል። መስኮቷ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁልፍ አለ። ላፕቶፑ በዐረብኛ ነው፤ ቀመር ዐረብኛ ስትናገር አፏ አይደናቀፍም፣ ማንበብ ግን ማፊ፣ አንድ ፊደል አትለይም። ምን ቸገራት። መጀመሪያ ቀን በቀኝ ያለውን ብትጫን ጥርሷ የሚያበራ የሥዕል ነርስ ብቅ ብላ ሰላም አለች፤ በቃ፣ ቀኙ ነው ማለት ነው። ቀኝ መሆኑ ራሱ ልቧን ደስ አሰኘው። በቀኝ እጅ ይበላል፣ በቀኝ እግር ቤት ይገባል፤ ደህና ነገር ሁሉ በቀኝ ሲጀመር ነው ያደገችው። እንዲህ እያለች፣ አንዱን ክንዷን የታጠበ ልብስ ሞልታ፣ ዓይኗ ከልጆቹ ላይ ሳይነቀል፣ ቢስሚላህ፣ ቀኙን ጫን፣ ታልፋለች። ቁልፉን ማየት ከተወች ቆይታለች።

ትምህርቱ ሁሉ አልቆ የእጅ አስተጣጠቡ ብቻ ሲቀር ላፕቶፑ ተንተፋተፈ። ፕለጊኑ አርጅቷልና ይታደስ የሚል ጽሑፍ መጣ። ማዳም አነበበችው፣ ቀመር ለኑህ ደወለች።

"ምንም አይደል" አላት ኑህ። "ብሮውዘሩን ካፊል በይው፣ ፕለጊኗን ሠራተኛ። ኢቃማዋ አልቆባት ነው። አሳድሼ እሰድልሻለሁ።"

ቀመር ይቺን የመኖሪያ ፈቃድ ቀልድ ለማዳም ስትነግራት ማዳም ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች፤ የላፕቶፑን ቦርሳ ለጋሽ ዓብዱ ሰጠችና ወደ ደማም ሰደደችው።

ኑህ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። የእጮኛው እጅ ያረፈበት ላፕቶፕ ነው፤ በጨርቅ ወለወለው፣ በብሩሽ አቧራውን ጠረገው፣ ፕለጊኗን አሳደሰ፣ ሞከረው፣ ሠራ። ከዚያ ይበልጥ ላስደስታት አለ። ቀመር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ እንግሊዝኛ ቀስ እያለች ታነባለች፣ ዐረብኛ ግን እንደማታነብ አንድ ቀን በስልክ ነግራው ነበር፣ በሳቅ ነው የነገረችው፣ እሱ ግን ሆዱን በልቶታል። ስለዚህ የብሮውዘሩን ቋንቋ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ለወጠው። የምትጫነውን እያነበበች ትጫን ብሎ ነው። አልነገራትም፤ ከፍታ ስታየው ይግረማት አለ። እውነትም ገረማት። ሰውዬ፣ ስጦታ ስትሰጥ ተናገር።

ላፕቶፑ ሲመለስ ቀመር ፊደሎቹን አየችና ፊቷ በራ። ማዳምም "እንግሊዝኛ? ሸጋ ነው፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው" አለች። ቀመር ልቧ ከሐርቡ ሳይመለስ፣ ኑህ ለኔ ብሎ ነው እኮ እያለች፣ ቢስሚላህ፣ ቀኙን ጫን አደረገችና ወደ ማድቤቷ ሄደች።

"ቀመር" አለች ማዳም ከሳሎን። "ነርሷ የለችም።"

ነርሷ የለችም። ነርሷ ትስቅበት የነበረው ቦታ አመድ መስሎ ተቀምጧል፤ መሀሉ ላይ ጠርዙ የተቦጨቀች አንዲት ቁራጭ ሥዕል ብቻ አለች። ቀመር ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ቢስሚላህ፣ ጫን። አመድ። ከሥሩ የተጻፈውን በስልክ ለኑህ በፊደል በፊደል አነበበችለት።

"ፕለጊኗ ታግዳለች ነው የሚለው" አለ ኑህ ግራ ገብቶት። "ማን አገዳት?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ካፊሏ ነዋ። ሁሩብ አስመዝግቦባት ይሆናል።"

ሁሩብ ካፊል "ሠራተኛዬ ጠፋችብኝ" ብሎ የሚያስመዘግበው ክስ ነው፤ በዚያ አገር ቃሉ ሲነሳ ሰው ግራ ቀኙን ያያል። ቀመር ግን ሳቀችበት፣ ኑህም ሳቀ። ገና ጊዜ ነበራቸው።

ላፕቶፑ ወደ ደማም ተመለሰ። ኑህ ከፈተው፤ ነርሷ ጥርሷን እያበራች መጣች። ዘጋ፣ ከፈተ፤ አሁንም መጣች። ወደ ኾበር ተመለሰ። ቢስሚላህ፣ ጫን፤ አመድ። እንደገና ወደ ደማም። ኑህ ፕለጊኗን ነቅሎ ተከላት፣ ሌላ ብሮውዘር ጨመረ፣ ቫይረስ ፈተሸ፣ የነበረውን ሁሉ አጠበና አዲስ አደረገው፤ እንግሊዝኛውን ግን በየጊዜው መልሶ ያስገባላታል። ሱቁ ውስጥ ነርሷ ስትስቅ ትውላለች። አል ዐዚዚያ ስትደርስ ትጠፋለች። ያ ላፕቶፕ ባንድ ሳምንት ቀመር እዚያ አገር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያላየችውን መንገድ አየ።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያመጣ ጀመር። ጋሽ ዓብዱ የባሕሩ እርጥበት ነው አሉ፤ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ቀበቶ አሰሩለት። ሁለተኛ ሲያስቡት ዓይን ነው አሉና መንገድ ላይ አየተል ኩርሲይን፣ ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን የቁርአን አንቀጽ፣ ቀሩበት። "እኔ እንደሆንኩ በበኩሌ ያለኝን አድርጌያለሁ" ብለው ሲያስረክቡ ለላፕቶፑ ሶደቃ ያወጡለት ይመስሉ ነበር። ማዳም የዋይፋዩን ሳጥን በጎን በጎኑ መታ መታ አደረገችው። በስልክ እንዳይሞክሩት ፕለጊኗ ስልክ ላይ አትሠራም፤ ክሊኒኩ ውስጥ እንዳትከፍተው እዚያ የሕፃናት ለቅሶና ወረፋ ነው፣ ቁጭ የሚባልበት ጊዜ የለም።

"ማዳም፣ እስቲ አንቺ ራስሽ ጫኚው" አለቻት ቀመር አንድ ቀን።

ማዳም ደነገጠች። "የአንቺ እጅ ያልከፈተውን የኔ ይከፍተዋል? አላህ ይጠብቀኝ።"

ባባ አንድ ቀን ጋዜጣውን አጠፈና "ላፕቶፕ ማሠራት ያቃተው ልጅ ሚስት ሊያገባ ነው" አለ። ለቀልድ ነው ያለው፤ ቀመር ግን እንደ እሾኽ ወጋት። ማታውኑ ኑህን በስልክ ተጣላችው።

"እኔ እኮ ስከፍት ቢስሚላህ ብዬ ነው" አለችው። "አንተ ስትጠግን ትላለህ?"

"እላለሁ እንጂ ቀመርዬ፣ ምን ነካሽ? እዚህ ይሠራል እያልኩሽ።"

"እዚህ አይሠራም እያልኩህ።"

"እንግዲያው ቤቱ ነው።"

"ቤቱማ ሌላውን ሁሉ ይከፍታል። ካልወደድከኝ ላፕቶፑን ምክንያት አታድርገው።"

 ያለችው ራሷን አስደንግጧት ስልኩን ዘጋች። እንዲህ ያለ ነገር ተናግራው አታውቅም።

እሮብ ዕለት እናቷ ደወሉ። ሰንጋው ግቢ ገብቷል፣ ድምፁን ስሚው ብለው ስልኩን ወደ ሰንጋው አስጠጉላት። ሰንጋው እምቧ አለ። ቀመር "እሺ እማዬ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል" አለችና ዘግታ ወደ ፍሪጁ ሮጠች። ፍሪጁን ከፍታ አንገቷን ቀበረች፤ ሳቅ ግን አልመጣም። አለቀሰች። ከእርጎው ጎን ቆማ፣ ብርዱ ፊቷን እየመታት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የስልጠናው የመጨረሻ ቀን ነገ ሐሙስ ነው። የቀረው የእጅ አስተጣጠቡ ትምህርት ብቻ ነው።

ሐሙስ ማዳም ከጠዋት ተራዋ ወጥታ ስትገባ ላፕቶፑ ገና ከደማም አልተመለሰም። ቀመር መስኮት ላይ ተለጥፋ ስትጠብቅ የጋሽ ዓብዱ መኪና በበሩ ገባ። ወንበሩ ላይ፣ ላፕቶፑ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ቀበቶ የታሰረው ሰው ነው። ኑህ ራሱ። ላፕቶፑን በሁለት እጁ ታቅፎታል።

"ማሩኝ ባባ" አሉ ጋሽ ዓብዱ ከመኪናው ሳይወርዱ፣ ደጅ ለወጣው ጌታቸው። "ዕቃውን ብቻውን ማመላለስ ሰለቸኝ፣ ጠጋኙን ጨምሬ አመጣሁት።"

ባባ ሳቁ መጥቶበት ዋጠው። እንግዳ ወንድ ሳሎን አይገባም፤ እዚያው መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር፣ የመኪናው ኮፈን ላይ ላፕቶፑ ተቀመጠ። ማዳም ዓባያዋን ለብሳ ወጣች፣ ቀመርም ከኋላዋ። ባባ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ። ኑህ በግንባሩ ላብ እየወረደ ከፈተው። ነርሷ መጣች፣ ቧንቧ ከፈተች፣ ሳሙና አነሳች። የዚሁ ቤት ዋይፋይ ነው። ኑህ ዘጋው። ባባ "ወዲያ በል" ብሎ ራሱ ከፈተው፤ ነርሷ ጥርሷን እያበራች ለሱም መጣች።

"ማፊ ሙሽኪላ" አለ ባባ። "ሠርቷል፣ ችግር የለም። ሙኒራ፣ ቁጭ ብለሽ ተማሪ።"

"አልቀመጥም" አለች ማዳም። "ስንት ቀን እንዲህ አታለለኝ። በቀመር እጅ ሲከፈት ካላየሁ አላምነውም።"

ባባ ዘጋው። ቀመር ቀረበች።

እንግዲህ አስቡት። ኑህን በመኪና መስኮት ካልሆነ አይታው የማታውቅ ልጅ፣ አሁን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞላታል። ላቡን፣ የተቆለፈች የሸሚዙን የላይኛዋን ቁልፍ፣ ለሷ ሲል የተላጨውን አገጩን እያየች ላፕቶፑን ከየት ታየዋለች። ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል፣ ቢስሚላህ፣ ጫን።

አመድ።

 ጋሽ ዓብዱ በሹክሹክታ መቅራት ጀመሩ፤ አየተል ኩርሲይ ነው።

ኑህ ግን እንደ ሌላው ላፕቶፑን አልነበረም የሚያየው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ገና ኒካሕ ሳይታሠር፣ ያውም ካፊሏ ቆሞ፣ ፊቷን ላፍጥጥባት አይልም። ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ የሚያርፈው እጇ ላይ ነው፤ እጇን ማየት ማን ይከለክለዋል። እናም ጣቷ የት ሄዳ እንዳረፈች አየ።

"ቀመርዬ" አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። "እስቲ እንደገና። ቀስ ብለሽ።"

ዘግቶ ከፈተላት። መስኮቷ ብቅ አለች። ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደች።

"ቁሚ። ሳትጫኚው። ምን ይላል እሱ?"

ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችው። "ብ... ሎ... ክ" አለች። "ብሎክ።"

"ምን ማለት ነው?"

አታውቀውም። ወደ ማዳም ቀና ብላ አየች። ማዳም አፏን በዓባያዋ ጫፍ ይዛ "አግድ" አለች። "አግድ ማለት ነው። ቀመር፣ አግድ ብለሽ ነው እንዴ የምትከፍቺልኝ?"

ኑህ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ዐረብኛ ከቀኝ ይጀምራል፣ እንግሊዝኛ ከግራ። ቋንቋው ሲለወጥ ሁለቱ ቁልፎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ፍቀድ የነበረበት አግድ ተቀምጧል። እሱ በሱቁ አንብቦ ፍቀድን ይጫናል፣ ነርሷ ትስቃለች። እሷ ባረካ ባለው እጇ፣ በቢስሚላህ፣ በቀኝ በኩል፣ ነርሷን በሯ ላይ ታስቀራታለች። "እንድታነቢው ብዬ ነው እኮ የለወጥኩት" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። "ላንቺ ብዬ።"

ቀመር ያኔ ገባት። ሳምንቱን ሙሉ የራሷን ሠርግ ስታግድ የከረመች ራሷ ናት። ሰንጋውን፣ ድንኳኑን፣ የእናቷን ደስታ፣ ይሄን ላብ በላብ የሆነ ልጅ፣ በየቀኑ ከዐስር በኋላ፣ ቢስሚላህ ብላ አግዳዋለች። ከዚያ ደግሞ ካልወደድከኝ ብላው ነበር። መሬቱ ላይ ዘፍ አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ማዳም ኮፈኑን ተደግፋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ጋሽ ዓብዱ "እኔ ታዲያ ያን ሁሉ የቀራሁት ለማን ነው?" አሉ። ባባም በመጨረሻ አልቻለም፤ ያ ኮስታራ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

"ኑህ" አለች ቀመር ከመሬት ሳትነሳ፣ ዓይኗን እየጠረገች። "ያ ያልኩህ ነገር ከልቤ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ኧረ ከልቤማ ነበረ። ፈርቼ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ" አለ ኑህ።

"ኧረ ተነሱ" አለች ማዳም፣ "ክሊኒኩ ሳይዘጋ።"

ኑህ ፍቀድን ጫነላት። ማዳም የሳሎኑን ወንበር አስወጥታ እዚያው ጥላው ሥር ተቀመጠች። በሥራዋ ቀኑን ሙሉ እጅ የምትታጠብ ሴት እጅ መታጠብን ከሥዕል ነርስ ተማረች፤ መዳፍ በመዳፍ፣ በጣት መሀል፣ አውራ ጣት ዞር ዞር። ቀመርም ከኋላዋ ቆማ ባዶ እጇን አብራ ታሸዋለች፣ ኑህ በር ላይ ቆሞ አብሮ ያሻል፣ ጋሽ ዓብዱ ሳይቀሩ። ጥያቄዎቹ መጡ፣ ማዳም መለሰች። መጨረሻ ላይ አንዲት ቁልፍ ቀረች፤ መልሱን ላክ የምትል። ማዳም እጇን ዘርግታ መለሰችው።

"ቀመር ትጫነው" አለች።

ቀመር ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። "በአላህ ማዳም፣ እኔን ተዪኝ። እጄ ሠርግ ያግዳል።"

"እጅሽ ባረካ ነው። ዓይንሽ ነው ሰነፍ። አንብቢና ጫኚ።"

ቀመር ጎንበስ አለች። አነበበች። ድጋሚ አነበበች። ኑህን በዓይኗ ጠየቀችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። ቢስሚላህ አለችና ጫነች። ነርሷ ብቅ ብላ እጇን አጨበጨበች፤ ማዳም ሙኒራ አልፋለች። ባባ እዚያው እንደቆመ ስልኩን አውጥቶ የቀመርን ኹሩጅ ሲያወጣ፣ እሷ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ የሚጫነውን ሁሉ እያየች "ባባ፣ እሱ ምን ይላል? እሱስ?" ትለው ነበር፤ እሱም ሳይቆጣ አንድ በአንድ አነበበላት።

ሐርቡ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰንጋው ታረደ። ቀመር ጓዳ ውስጥ በሻሽ ተሸፍና በአክስቶቿ መሀል ተቀምጣለች። ከማዶ ባለው ክፍል ኑህና ሽማግሌዎቹ አሉ። እንደ ደንቡ አባቷ ምስክሮቹን አስከትለው በሩ ላይ መጡና ጠየቋት።

"ልጄ፣ ለኑህ እንድድርሽ ፈቅደሻል?"

የአገሩ ሙሽራ እዚህ ላይ ዝም ነው የምትለው። አንገቷን ትደፋለች፣ ዝምታዋ እሺ ይባልላታል፤ እናቷም አያቷም እንዲሁ ነው ያደረጉት። አክስቷም ይሄንኑ ልታስታውሳት ጭኗን ያዝ አደረገቻት። ቀመር ግን ቀና አለች። ነገርን በልማድ ብቻ ማለፍ ምን እንደሚያመጣ እሷ ታውቃለች።

"ፈቅጃለሁ" አለች ጮክ ብላ።

አክስቷ ቆነጠጠቻት።

"ፈቅጃለሁ አባዬ" አለች ደግማ፣ ሳቋ እያመለጣት፣ "በደንብ ተሰምቷል? ፈቅጃለሁ ነው ያልኩት።"

ምስክሮቹ ተያዩ፣ አባቷ ጢማቸውን ይዘው ሊቆጡ ነው ሊስቁ ነው ሳይታወቅ ቆሙ፣ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አንድ ሰው ከት ብሎ ሲስቅ ተሰማ። ኑህ ነበር።